መከተብ የማትችል ልጅ ትምህርት ቤት ስትገባ

መጀመሪያ ያበጠው የዓይኗ ቆብ ነው። ጠዋት ከእንቅልፏ ስትነሣ ሁለቱም ዓይኖቿ ተደፍነው ነበር። ትንኝ ነክሷት ይሆናል አልን። ምሳ ሰዓት ላይ ጎደለላት። በማግስቱ ጠዋት ግን ብሶባት ተነሣች፤ ከዓይኗ አልፎ እግሯም አብጦ የካልሲዋ ላስቲክ ቆዳዋ ላይ ሰምበር ሠርቶ ነበር።

ልጄ ሳሮን ያኔ የዓመት ከሦስት ወር ልጅ ነበረች። ሁለተኛውን የኩፍኝ ክትባት የምትወስድበት ቀጠሮ በዚያው ሰሞን ስለነበር ባለቤቴ ምሕረት አዝላት ቀራንዮ ወደሚገኘው ጤና ጣቢያ ሄደች። ክትባት የምትሰጠው ነርስ መርፌውን አላነሣችም። የሳሮንን እግር በአውራ ጣቷ ጫን አደረገችው። ጣቷን ስታነሣ የጣቷ ጉድጓድ እዚያው ቀረ።

«ዛሬ አልከትባትም» አለቻት። «መጀመሪያ ሐኪም ይያት። ዛሬውኑ።»

ክትባቱ በዚህ ቀረ። እኛ በሚቀጥለው ሳምንት የሚሰጣት መስሎን ነበር።

ከጤና ጣቢያው ወደ ሆስፒታል ተላክን። ሽንቷ ተመረመረ። የልጆች ኩላሊት ሐኪሟ ዶክተር ሕይወት ረጋ ብለው የሚናገሩ ትልቅ ሴት ናቸው፤ እኔን በስሜ ሳይሆን «የሳሮን አባት» እያሉ ነው የሚጠሩኝ።

«የሳሮን አባት፣ ይህ ኔፍሮቲክ ሲንድረም ይባላል» አሉኝ። «ኩላሊቷ ሰውነቷ ውስጥ ማስቀረት ያለበትን ፕሮቲን ወደ ሽንት እየለቀቀው ነው። እብጠቱ የመጣው ከዚያ ነው። ብዙውን ጊዜ ከእሷ ከፍ ባሉ ልጆች ላይ ነው የምናየው። በመድኃኒት ይመለሳል። ግን የሚመላለስባቸው ልጆች አሉ።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ያን ቀን በደንብ አልሰማኋትም።

መድኃኒቱ ፕሬድኒሶሎን ነው። በየጠዋቱ ክኒኑን በማንኪያ አሟሙተን እንሰጣታለን። ምግቧ ያለ ጨው ሆነ። እብጠቱ ጠፋ፤ በምትኩ ከመድኃኒቱ የተነሣ ጉንጮቿ ሞሉ፣ የማትጠግብ ሆነች፣ በትንሽ በትልቁ ታለቅስ ጀመር። ስለ ክትባቱ ስንጠይቅ ዶክተር ሕይወት እንዲህ አሉን፤ «የኩፍኝ ክትባት የሚሠራው ከተዳከመ ግን ሕያው ከሆነ ቫይረስ ነው። ፕሬድኒሶሎን ደግሞ የመከላከል አቅሟን ዝቅ ያደርገዋል። በዚህ መጠን እየወሰደች አይሰጣትም። ካቆመች በኋላ አንድ ወር እንጠብቅና ያን ጊዜ ትከተባለች።»

ቀላል ነገር መስሎን ነበር። መድኃኒቱን ትጨርሳለች፣ አንድ ወር ይቆጠራል፣ ትከተባለች።

ያ አንድ ወር ለዓመታት አልሞላም።

ሽንቷን ቤት ውስጥ የምንመረምርበት ስትሪፕ የሚባል ቀጭን ነገር አለ። ሽንት ውስጥ ነክሮ ቀለሙን ማየት ነው። ቢጫ ከሆነ ደህና ናት፤ ወደ አረንጓዴ ከሄደ ኩላሊቷ እንደገና ፕሮቲን እየለቀቀ ነው ማለት ነው። መድኃኒቱን በጨረሰች ቁጥር በየጠዋቱ ባኞ ቤት ገብቼ ያንን ቀለም አያለሁ። ቢጫ። ቢጫ። ቢጫ። ከዚያ ጉንፋን ይይዛታል። አረንጓዴ። እንደገና ፕሬድኒሶሎን፣ እንደገና ከፍተኛው መጠን። የክትባቱ ቀጠሮም እንደገና ይገፋል። ያላጠፋነው፣ ያልዘነጋነው፣ ማንንም የማንወቅስበት ነገር ነበር። የምናደርገው ስለሌለ ብቻ እንጠብቅ ነበር።

በዚህ መካከል ትምህርት ቤት የምትገባበት ዕድሜ ደረሰ። የሰፈሩ ልጆች ዩኒፎርም ለብሰው ሲወጡ በር ላይ ቆማ ታያቸዋለች። ዶክተሯም ከቤት መዋሏን አልወደዱትም። «ልጅነቷን በሽታዋ አይውሰደው» አሉ። «ግን የክፍል ጓደኞቿ የተከተቡ መሆን አለባቸው። እሷ መከተብ ካልቻለች፣ አጥሯ እነሱ ናቸው።»

ነሐሴ ላይ ቤቴል አካባቢ ወዳለ አንድ የሕፃናት ትምህርት ቤት ሄድኩ። የምዝገባው ሰልፍ ከበሩ ወጥቶ መንገዱ ላይ ደርሷል። ርእሰ መምህሯ ወይዘሮ አስካለ የሳሮንን የክትባት ካርድ ተቀብለው በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡት። ዘጠኝ ወሯ ላይ የተሰጣት የመጀመሪያው የኩፍኝ ክትባት አለ። ሁለተኛው ባዶ ነው።

«ይቺ አልተሞላችም» አሉ። «ክትባት ያልጨረሰ ልጅ አንመዘግብም። ሕጋችን ነው።»

ነገሩን አስረዳኋቸው። የሐኪሟን ማስረጃ ሰጠኋቸው። ማስረጃውን አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ።

«እንግዲህ እርስዎ የሚሉኝ ሌላውን ሁሉ አጥብቄ እንድጠይቅ፣ የእርስዎን ልጅ ግን እንዳሳልፍ ነው።»

«አዎ» አልኩ። «እሷን እንዲያሳልፉልኝ፣ ለሌላው ግን እንዲያጠብቁ ነው የምለምንዎት።»

ቃሌ ለራሴም ገረመኝ። ወይዘሮ አስካለ ግን አልሳቁም። «ገባኝ» ብለው መዘገቧት።

ሳሮን ትምህርት ቤት ገባች። የጎኗ ልጅ ረድኤት ትባላለች። በየማታው የምንሰማው የረድኤትን ነገር ሆነ፤ ረድኤት እንዲህ አለች፣ ረድኤት ብርቱካናማ ቀለም አዋሰችኝ፣ ረድኤት ፊቴን «ትራስ» ብላ ጠራችው፣ ሳቅን። እነዚያ ወራት በሕመሟ ዘመን ካየናቸው ጊዜያት ሁሉ የተሻሉት ነበሩ። በመካከሉ አንድ ጊዜ በሽታው ተመለሰባት፤ ግን መድኃኒቷን እየወሰደች መማሯን አላቋረጠችም።

የካቲት ላይ ወይዘሮ አስካለ ደወሉልኝ። እኔ አየር ጤና አንድ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ ተቀጥሬ ነው የምሠራው። ደንበኛ ፊቴ ቆሞ ነበር።

«ረድኤት ኩፍኝ ይዟታል» አሉ። «ጤና ጣቢያ አረጋግጠዋል። እስከ ትናንት ክፍል ውስጥ ነበረች። ቶሎ ሐኪሟ ጋ ይሂዱ።»

ሳሮን ያን ሰሞን ሙሉውን መጠን እየወሰደች ነበር።

ዶክተር ሕይወት ጋ ስንደርስ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ። «የመጀመሪያው ክትባት ትንሽ ሊረዳት ይችላል» አሉ። «ግን በዚህ መድኃኒት ላይ ሆና ልተማመንበት አልችልም። ኢሚውኖግሎቡሊን የሚባል አለ፤ የሌሎች ሰዎች የመከላከያ ፕሮቲን ነው። ቫይረሱ ከደረሰባት በጥቂት ቀናት ውስጥ ከተሰጠ ያግዛል። እዚህ አልቋል። ፈልጉ።»

ፈለግን። እኔ ከአየር ጤና እስከ ሜክሲኮ ያሉትን ፋርማሲዎች ዞርኩ፤ ምሕረት በስልክ። «የለም።» «አልቋል።» «ስሙን እንደገና ይበሉልኝ?» ከቤተ ክርስቲያናችን አንድ ወንድም የሚያውቀው መድኃኒት አስመጪ ጋ ደወለ። ይመጣል ተባለ። የመጣው ጊዜው ካለፈ በኋላ ነበር።

ፕሬድኒሶሎኑን እናቁም ወይ ብዬ ጠየቅሁ። እሱም አይቻልም። ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው በድንገት ካቆመው ሰውነቱ ራሱን ችሎ መቆም ያቅተዋል። የመከላከል አቅሟን የሚቀንሰውን መድኃኒት በየጠዋቱ በእጄ ማጉረሴን ቀጠልኩ።

«ታዲያ ምን እናድርግ?» አልኳቸው።

«ጠብቁ። ትኩሳት እንደጀመራት ወዲያው አምጧት።»

ጀመራት።

መጀመሪያ ትኩሳት። ከዚያ ሳል። ዓይኗ ቀላ፤ ብርሃን ስታይ ፊቷን ትራሱ ውስጥ ትቀብራለች። ከዚያ አፏን ከፍታ አሳየችኝ፤ በጉንጯ ውስጠኛ ገጽ ላይ እንደ ጨው የተበተነ ነጭ ነጠብጣብ ነበር።

ልንወጣ ስንል የግቢያችን ትልቅ ሰው እትዬ ዘነቡ በር ላይ አገኙን። ብዙ ልጆች ያሳደጉ፣ ሳሮንን እንደ ልጅ ልጃቸው የሚያዩ ሴት ናቸው።

«ልጄ፣ ኩፍኝ ከቤት አያወጡትም» አሉኝ። «መርፌም አይወድም። ጨለማ ክፍል አስተኟት፤ ራሱ ወጥቶ ይሄዳል።»

«እትዬ፣ የእሷ እንደሌላው አይደለም። ሐኪሟ አምጧት ብለዋል።»

«እኔ ፈርቼ ነው።»

«እኔም ፈርቻለሁ።»

እጃቸውን ግንባሯ ላይ አድርገው ለቀቁን።

ለብቻዋ ክፍል ተሰጣት። የሌሎች ልጆች ክፍል ሊያስገቧት አይችሉም። ሽፍታው ዘግይቶ፣ ሳስቶ ወጣ። ዶክተር ሕይወት ሽፍታው ሳስቶ መውጣቱ ጥሩ ምልክት እንዳልሆነ ነገሩን፤ ሰውነቷ በበቂ እየተዋጋ አይደለም ማለት ነው። ቫይታሚን ኤ ሰጧት። አንቲባዮቲክ ጀመሩላት። በሁለተኛው ቀን ሳንባዋ ተያዘ።

«ኒሞኒያ ነው» አሉ። «የቫይረሱም፣ የባክቴሪያም ሊሆን ይችላል። ለባክቴሪያው መድኃኒት አለን። ለኩፍኙ የለንም። በኦክስጅን እንደግፋታለን።»

ኦክስጅን አደረጉላት። ጣቷ ላይ ያለው መለኪያ ይጮኻል። ሲስተሯ መጥታ ታስተካክለዋለች። ደግሞ ይጮኻል። የጎድን አጥንቷ መካከል ያለው ሥጋ በየትንፋሹ ወደ ውስጥ ይገባል። አትናገርም። ታየናለች። እጇን እይዛለሁ። ትኩስ ነው። ውኃ አትውጥም። አታለቅስም። ብታለቅስ በወደድኩ።

ከቤተ ክርስቲያን የመጡ ሰዎች ከመስኮቱ ውጭ ቆመው ጸለዩላት። እኔም ዓይኔን ጨፍኜ «ጌታ ሆይ» አልኩ። የሚቀጥለው ቃል ጠፋኝ። እንደገና «ጌታ ሆይ» አልኩ። ከዚያ በላይ ያን ሰሞን አልጸለይኩም።

አንድ ጠዋት ምሕረት «ሥራህን ሄደህ ያዝ» አለችኝ። «ሁለታችንም እዚህ መቀመጣችን ምን ጠቀማት?»

«አንቺስ?»

«እኔ ብሄድም የትም አልሄድም።»

ሄድኩ። አንድ ደንበኛ የፊት ጎማ ኩሽኔታ ጠየቀኝ፤ የኋላውን ሰጠሁት። መልሶ አመጣው። ይቅርታ ብዬ ያንኑ የኋላውን እንደገና ሰጠሁት። ሰውየው ዓይን ዓይኔን አይቶኝ «ቤት ደህና ነው?» አለኝ። ሱቁን ለባልደረባዬ ትቼ ታክሲ ያዝኩ።

የረድኤት እናት ወይዘሮ ዓለም የመጣችው በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሳለ መጥታ ፊቴ ቆመች። ከዚያ በፊት ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሰላም ከመባባል ያለፈ አንተዋወቅም ነበር። ቤተሰቡ ከክፍለ ሀገር ሁሉን ነገር ጥሎ ከመጣ ገና ዓመት አልሞላውም ነበር።

«ረድኤት ተሽሏታል» አለች። «የእርስዎን ልጅ ልጠይቅ ነው የመጣሁት። መግባት አልችልም አሉኝ።»

«አዎ፣ አያስገቡም» አልኩ።

አልተቀመጠችም። «የክትባት ካርዷ እዚያው ቤት ቀርቷል። ርእሰ መምህሯ እስኪገኝ ብለው ጊዜ ሰጡኝ። ዘመድ ልኬ አስፈለግኩ፤ ቤቱም የለም። ተከትባ እንደሆን እንኳ እርግጠኛ አይደለሁም፤ ያኔ ሩጫ ላይ ነበርን። ካርዱ ከጠፋ እንደ አዲስ ማስከተብ እንደሚቻል የነገረኝ ሰው የለም። እኔ ወረቀት ስፈልግ ነው የከረምኩት።»

በእሷ ላይ የምናገረው ብዙ ነገር አዘጋጅቼ ነበር። ግን ምን ልበላት? ለሳሮን በልዩ አስተያየት በሩ ሲከፈትላት ተደስቼ ገብቻለሁ። ለረድኤትም የተከፈተው ያው በር ነው። ወይዘሮ አስካለ ለሁለታችንም አዘኑልን። ንዴቴ የሚያርፍበት ሰው አጣሁ፤ እናም ደረቴ ውስጥ ቀረ።

«ይቀመጡ» አልኳት።

ተቀመጠች። ቆይታ ስትነሣ «ረድኤት ምን ሆነች እያለች ትጠይቀኛለች፤ ምን ልበላት?» አለችኝ።



ለውጡ የመጣበትን ሰዓት ልነግራችሁ አልችልም። የሆነ ቀን ጠዋት መለኪያው ሳይጮኽ እንደቆየ አስተዋልን፤ ምሕረት ተበላሽቶ ነው ብላ ሲስተሯን ጠራች። አልተበላሸም። ኦክስጅኑን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ቀነሱላት። ከዚያ ውኃ ጠየቀች፣ ከዚያ መስኮቱን ክፈቱልኝ አለች፣ ከዚያም ዶክተር ሕይወት ጀርባዋን በማዳመጫ እያዳመጡ ሳለ፣ በሻከረ ድምፅ፣ «ወንበሬ ላይ ማን ተቀመጠ?» ብላ ጠየቀች። ሐኪሟ ማዳመጫቸውን ከጆሯቸው አውጥተው እንደገና እንድትናገር ጠየቋት። ትምህርት ቤት ከረድኤት ጎን ያለውን ወንበር ማለቷ መሆኑን ስነግራቸው ወደ መስኮቱ ዞር ብለው ቆዩ።

ከሆስፒታል ስትወጣ ከስታ፣ ቆዳዋ እየተላጠ፣ ደረጃ መውጣት የሚያቅታት ልጅ ነበረች፤ ግን በራሷ ትንፋሽ ነበር የምትተነፍሰው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ወራት ቀስ በቀስ፣ መጀመሪያ ከአልጋ እስከ በር፣ ቀጥሎ እስከ ጎረቤት፣ በኋላም እጄን ይዛ እስከ ዳቦ ቤቱ ድረስ መራመድ ጀመረች፤ እትዬ ዘነቡም ያለ ጨው የተሠራ የአጃ ሾርባ በየቀኑ እያመጡ፣ መርፌውን በሚመለከት አንድም ቃል ሳይናገሩ፣ እስክትጨርስ አጠገቧ ይቀመጡ ነበር።

በዚህ ጊዜ ያልጠበቅነው ነገር ሆነ። ስትሪፑ ቢጫ ሆኖ ቀረ። መድኃኒቱ ተቀንሶ ተቀንሶ ቆመ፤ እንዲያም ሆኖ ቢጫ ነው። ለዶክተር ሕይወት ስነግራቸው ደስታዬን ቀስ ብለው ከእጄ ወሰዱት።

«ይህ በድሮ የሕክምና መጻሕፍት ላይ አለ» አሉ። «ኩፍኝ አንዳንዴ ይህን በሽታ ለጊዜው ያስተኛዋል። ግን እንዲህ ታመው በኩፍኝ የሞቱ ልጆችም አሉ። ማንም ይህንን መድኃኒት ነው ብሎ እንዳይመኘው። ደግሞም ሊመለስ ይችላል።»

ተመለሰ። ክረምቱ ሲገባ ዓይኗ እንደገና አበጠ። አሁንም ፕሬድኒሶሎን ላይ ናት። ብርድ ሲሆን ያ ሳል ይነሣባታል፤ ሳንባዋ ላይ ጠባሳ እንደቀረ በራጅ አይተናል። ዳነች ስላችሁ ይህንን ይዛ ነው። ትምህርት ቤትም ተመልሳለች፤ ከረድኤት ጋር ነው የምትቀመጠው። ረድኤትም አሁን ተከትባለች።

ሳሮን ከመመለሷ በፊት ወይዘሮ አስካለ ቤታችን መጥተው ነበር። የቀረበላቸውን ሻይ ሳይነኩ፣ «ዕድሜዬን ሙሉ ወላጆችን ካርድ አምጡ ስል ነው የኖርኩት» አሉን። «ልጁን አስከትቡ አላልኩም። የምፈልገው ወረቀቱን ይመስል።» አሁን ካርድ የሌለው ልጅ ሲመጣ ለማፈላለግ ጊዜ አይሰጡም፤ አያባርሩትምም። እናቱን በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይልኳታል፤ ተከትቦ ሲመጣ ክፍል ይገባል።

የእኔን ዓይነት ልጅ ለያዛችሁ ወላጆች የምለው ጥቂት ነው። የዓይን እብጠት ጠዋት ጠዋት እየመጣ ቀን ላይ የሚጎድል ከሆነ ትንኝ ነው ብላችሁ አትለፉት፤ ሽንት አስመርምሩ። ፕሬድኒሶሎን በድንገት አታቁሙ። የትኛው ክትባት እንደሚቻልና የትኛው እንደማይቻል ከሐኪም ጠይቁ፤ ሁሉም ክትባት አይከለከልም፤ ለሳሮን የሚፈቀዱት ሁሉ ተሰጥተዋታል። ቤት ውስጥ ያላችሁ ሌሎቻችሁ ተከተቡ። ለአስተማሪዋም በሽታዋን ንገሩ፤ እኛ ባንናገር ኖሮ ያ ስልክ አይደወልልንም ነበር። ካርድ የጠፋባችሁ ደግሞ ካርዱን አትጠብቁ። በድጋሚ መከተብ ልጁን አይጎዳውም፤ ይህን የነገሩኝ ዶክተሯ ናቸው፤ እኔም ላገኘሁት ሰው ሁሉ እናገራለሁ።

ያቺ መርፌውን ሳታነሣ የሳሮንን እግር የነካች ነርስ ስሟን አላውቅም፤ እግዚአብሔር ይስጣት። መለኪያው በጮኸ ቁጥር አንድም ቀን ሳትሰለች የመጣችውን ሲስተር፣ ዶክተር ሕይወትንም፣ ከመስኮት ውጭ ቆመው እኔ ያጣሁትን ቃል የጸለዩልኝንም አመሰግናለሁ።

መስከረም ላይ በትምህርት ቤት በር ቆማችሁ ካርድ ስትጠየቁ፣ ሰልፉ ቢያሰለቻችሁ አልፈርድባችሁም። ግን ልጃችሁ በምትገባበት ክፍል ውስጥ እንደ ሳሮን ያለች አንዲት ልጅ ልትኖር ትችላለች። ወላጆቿ ሊያደርጉላት የሚችሉትን ሁሉ አድርገው ጨርሰዋል። የቀረው በእናንተ እጅ ነው።